መርዶ ነጋሪው ቸኩለዋል፦ «ኢዲአይ ሞቷል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ «ይሄ ያንተ እንጀራ አይደለም እንዴ?» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። እውነትም እንጀራዬ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የአንዱን ድርጅት ሲስተም ከሌላው ጋር እያገናኘሁ ነው የምበላው።

ጽሑፉ የሚያወራው ድርጅቶች የግዢ ትዕዛዝ፣ የጭነት ማስታወቂያና ኢንቮይስ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ስለሚላላኩበት ፎርማት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል። ኢዲአይ የሚባለው የድሮ አሠራር ሞቷል። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ኤክስኤምኤልም (እያንዳንዱን መረጃ በስም መለያ ከብቦ የሚጽፈው ፎርማት) መሸጋገሪያ ነበር፣ ጊዜው አልፎበታል። ዛሬ የሚጀምር ነጋዴ ሁለቱንም ዘሎ ቀጥታ ወደ ጄሶንና ኤፒአይ ይግባ (ጄሶን ቀለል ያለ አዲስ የመረጃ አጻጻፍ ነው፤ ኤፒአይ አንዱ ሲስተም ሌላውን በኢንተርኔት በቀጥታ የሚጠይቅበት በር ነው)። ምክንያቶቹ፦ ኢዲአይ አርጅቷል፣ ሰው አያነበውም፣ ቀርፋፋ ነው፣ ውድ ነው። ማሳረጊያው ደግሞ እኛን ይመለከታል። የመስመር ስልክ በቅጡ ሳናዳርስ ሞባይል እንደያዝን ሁሉ ይህንንም መዝለል እንችላለን ይላል።

ጸሐፊው ኮድ የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ለሱፐርማርኬት በርበሬ ሸጠው የሚያውቁ ግን አይመስለኝም።

በርበሬው ከየት መጣ? እዚሁ ሰፈራችን በርበሬና ሽሮ እያሸገች ለሐበሻ ሱቆች የምታከፋፍል አንዲት እህታችን አለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ የፈረንጅ ሱፐርማርኬት በርበሬዋን ሊወስድ ተስማማ። እልል ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ወፍራም የአቅራቢዎች መመሪያ መጣላት። ማታ ደወለችልኝ። «850 ትቀበያለሽ፣ 856 ትልኪያለሽ ይላል። ምንድን ነው ይሄ? የካርቶን ብዛት ነው ወይስ የብር?»

የሰነድ ስም ነው። 850 የግዢ ትዕዛዝ ነው። 856 «ዕቃው ተጭኗል፣ በዚህ መኪና፣ በእነዚህ ካርቶኖች እየመጣ ነው» የሚል የጭነት ማስታወቂያ ነው። 810 ኢንቮይስ ነው። ቁጥሮቹ የመጡት ኤክስ12 ከሚባለው የአሜሪካ የኢዲአይ መመዘኛ ነው፤ ኮሚቴው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው (ከዚህ በታችም ዓመት የምጠራው በፈረንጆቹ ነው)። ሌላው ዓለም በብዛት የሚጠቀመው በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተዘጋጀውን ኤዲፋክትን ነው። እዚያ ትዕዛዙ «ኦርደርስ»፣ የጭነት ማስታወቂያው «ዴሳድቭ»፣ ኢንቮይሱ «ኢንቮይክ» ይባላል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ይህ አይከብደውም። «ሞዴል 19 ተቆርጧል?» ከተባለ ዕቃ መግባቱን፣ «ሞዴል 22» ከተባለ ዕቃ መውጣቱን ማንም አያስረዳውም። 850ም እንደዚያው ነው።

እንግዲህ የጸሐፊውን ምክር ለዚህች ሴት እንስጣት። ጄሶን ተጠቀሚ እንበላት። እሺ፣ ለማን ትላከው? የሱፐርማርኬቱ በር አንድ ነው፤ በዚያ በር የሚገባው 856 ነው። መኪናው ከመድረሱ በፊት 856 ካልገባ ቅጣት አለ። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ባለ 18 አሃዝ ቁጥር ሰነዱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመም ቅጣት አለ። ቅጣቱ ከክፍያዋ ላይ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። ዋናው ነገሬ ይኸው ነው፤ ፎርማቱን የሚመርጠው ገዢው ነው። የቀረውን ነጥብ በነጥብ እንየው።

«አርጅቷል» ለተባለው፦ አዎ፣ አርጅቷል። እንዲያውም ጸሐፊው ካሰቡት በላይ ነው። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1948 እና 1949 በርሊን በተከበበች ጊዜ ድረስ ይሄዳል። ያኔ ወደ ከተማዋ ምግቡም ከሰሉም በአውሮፕላን ነበር የሚገባው። የጭነት ዝርዝሩ በየቋንቋውና በየመልኩ እየመጣ አስቸገረ። ኤድ ጊልበርት የሚባል የአሜሪካ ጦር ሎጂስቲክስ ባለሙያና ባልደረቦቹ በቴሌክስም በስልክም ሊተላለፍ የሚችል አንድ ወጥ ዝርዝር አበጁ። ይኸው ሰው በ1968 የተመሠረተውን የትራንስፖርት መረጃ አስተባባሪ ኮሚቴ መራ። ኤክስ12 ላይ የተደረሰው ያ ኮሚቴ ከሠራው ሥራ ተነስቶ ነው።

ታዲያ ዕድሜ በሽታ ነው? ኮንቴይነርም የ1956 ነው። ኮንቴይነር አርጅቷልና እንዝለለው ያለ ሰው አልገጠመኝም። የኮንቴይነር መርከብ ወደብ ሲደርስ የትኛው ሣጥን በየትኛው ረድፍና ደርብ እንደተቀመጠ የሚናገረው ባፕሊ የተባለ የኤዲፋክት መልእክት ነው። ወደቡ ክሬኑን የሚያሰማራው እሱን ይዞ ነው። ሞጆ ቆሞ ዕቃውን የሚጠብቅ አስመጪ ባፕሊን አይቶት አያውቅም፤ ማየትም የለበትም።

አዲስነትም ቢሆን ለእኛ ዋስትና ሆኖ አያውቅም። ኤክስኤምኤል በ1998 ሲወጣ የዓለም ቋንቋዎችን ሁሉ ያቅፋል ተብሎ ብዙ ተወራለት። የተሠራው ግን በዩኒኮድ 2.0 ላይ ነበር፤ ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0፣ በ1999 ነው። ስለዚህ ሰነዱ ውስጥ አማርኛ ጽሑፍ ማስገባት ይቻል ነበር፤ መለያውን ራሱን «ደረሰኝ» ወይም «ዋጋ» ብሎ መሰየም ግን ክልክል ነበር። በ2004 ኤክስኤምኤል 1.1 ሲወጣ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ እኛ ዘግይተው የገቡ ፊደላት ጉዳይ ነው። ዋናው 1.0 ራሱ የተስተካከለው በ2008 በአምስተኛው እትም ነው። አሥር ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

በፊደል ጉዳይ ኢዲአይ ከዚህም ይብሳል። የኤዲፋክት መሠረታዊው የፊደል ስብስብ የላቲን ትልልቅ ፊደላትን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ትንንሾቹን እንኳ አያስገባም። ጸሐፊው በዚህ ቢከሱት ወዲያው እጄን እሰጥ ነበር። አልከሰሱትም። የተሻለውን ክርክራቸውን ትተውት ሄዱ።

«ሰው አያነበውም» ለሚለው ደግሞ አንድ መስመር ላሳያችሁ። በላቲን ፊደል የሚጻፍ ነው፤ ወደ እኛው ገልብጬዋለሁ፦

ፒኦ1*1*48*ሲኤ*36.50~

ፒኦ1 የትዕዛዝ ዝርዝር መስመር ማለት ነው። 1 ተራ ቁጥር ነው። 48 ብዛት ነው። ሲኤ ካርቶን ነው። 36.50 የአንዱ ካርቶን ዋጋ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ጠመዝማዛ መስመሩ አለቀ ትላለች። በቃ። በርበሬ ሻጯን ይህን ሳስተምራት አንድ ቡና እስኪጠጣ አልፈጀብኝም። አሁን ከእኔ ፈጥና ታነበዋለች።

በጄሶን ቢሆን «ብዛት 48፣ ዋጋ 36.50» ተብሎ ግልጽ ሆኖ ይጻፋል። ዓይን ደስ ይለዋል። አንድ ጊዜ በእንዲህ ያለ ኤፒአይ አንድን ሻጭ ከአንድ አከፋፋይ ጋር አገናኘሁ። የሰነዱ መስኮች (መረጃ የሚሞላባቸው ቦታዎች) ስማቸው ግልጽ፣ መመሪያው አጭር። መጀመሪያ የመጣው ትዕዛዝ 48 ይል ነበር፤ ሻጩ 48 ፓኬት ላከ። አከፋፋዩ የፈለገው 48 ካርቶን ነው፣ በካርቶን 12 ፓኬት። መለኪያውን የሚናገር መስክ ጭራሹኑ አልነበረም። ሁለቱም «ብዛት»ን አንብበዋል፣ ሁለቱም ገብቷቸዋል፣ የገባቸው ግን የተለያየ ነው። ኤክስ12 ላይ ቁጥሩን ጽፈህ መለኪያውን ብትዘለው መመሪያውን የሚያስከብረው ሲስተም ይመልስብሃል። ያ «ሲኤ» የተባለ አስቀያሚ ኮድ እዚያ የተቀመጠው ልክ እንደ እኔ ዓይነት ሰው 48 ፓኬት ስላስላከ ነው።

ስለ ቀንም አንድ ጉድ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ካለ አንድ አቅራቢ በጄሶን ኢንቮይስ እንቀበል ነበር። አንድ ቀን «2016-13-05» የሚል ቀን መጣ። አሥራ ሦስተኛ ወር! ሲስተሙ ወደቀ፣ እኔ ሳቅሁ። ጳጉሜን 5 ነው። ሳቄ ቶሎ ጠፋ። ጳጉሜን ስለሆነ ነው የተያዘው። ቀደም ብሎ የመጣው «2016-11-20» ሐምሌ 20 ነበር፤ ሲስተሙ ግን ኖቬምበር 20 ቀን 2016 ብሎ አንብቦ ዝም ብሎ አስገብቶታል። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ውዝፍ ዕዳ ሆኖ ተቀምጧል። የሒሳብ ሠራተኛዋ «እነዚህ ሰዎች እንዴት ታግሰውናል?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ለኢዲአይ አላዳላም። ኢዲአይም አያድነንም ነበር። ኤዲፋክት ቀኑ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተጻፈ በኮድ ይናገራል፤ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። መፍትሔው ሁለታችን በስልክ ተነጋግረን በአንድ ገጽ ወረቀት የጻፍነው ስምምነት ሆነ።

«ቀርፋፋ ነው» የተባለው ላይ ብዙ አልቆይም። ኢዲአይ ሌሊት ይሄድ የነበረው የድርጅቶቹ ሲስተሞች የቀኑን ሥራ አጠራቅመው ሌሊት በአንድ ላይ ስለሚሠሩት ነው። ዋልማርት እ.ኤ.አ. በ2002 አቅራቢዎቹ በኢንተርኔት፣ ኤኤስ2 በሚባል የመላኪያ ዘዴ እንዲልኩለት አዘዘ። ኤኤስ2 ድረ ገጽ በሚከፈትበት በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው፤ በሰከንዶች ይደርሳል። ዛሬም ሌሊት ብቻ የሚልክ ድርጅት ካለ የሒሳብ ሲስተሙን መርምሩት፣ ችግሩ እዚያ ነው።

ጸሐፊው ያልነኩት ግን የመልስ ነገር ነው። በኢዲአይ አንድ ትዕዛዝ ሲሄድ መልሱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ኤኤስ2 «ደርሶኛል» የሚል የተፈረመ ደረሰኝ ይመልሳል። ሁለተኛ፣ 997 የሚባል ሰነድ «ከፍቼ አንብቤዋለሁ፣ አጻጻፉ ልክ ነው» ይላል። ሦስተኛ፣ 855 «ዕቃው አለኝ፣ በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ቀን አቀርባለሁ» ይላል። ብዙዎቹ ያየኋቸው ኤፒአዮች የሚመልሱት 200 የሚል ቁጥር ነው፤ «እሺ» ማለት ነው። እሺ ምን? ደረሰህ? ገባህ? ዕቃው አለህ? ሐበሻ ነኝና «እሺ» ምን ያህል ትርጉም እንዳለው አውቃለሁ። ጥሩ ኤፒአይ የሚሠሩ ሰዎች እነዚህን ሦስቱን መልሶች ቀስ በቀስ ራሳቸው ይጨምሯቸዋል፤ ሲጨርሱ የሠሩት ኢዲአይን ነው፣ በሌላ ልብስ።

«ውድ ነው» በሚለው ጸሐፊው ልክ ናቸው። ሰነድ አመላላሽ ኩባንያዎች ለዓመታት በየሺህ ፊደሉ እየቆጠሩ ሲያስከፍሉ ኖረዋል። ትንሽ ነጋዴ ያማርራል፣ ማማረርም አለበት። መመዘኛው አንድ ነው ቢባልም እያንዳንዱ ሱፐርማርኬት የራሱ መመሪያ አለው። የአንዱ 850 ከሌላው 850 ጋር ወንድማማች እንጂ መንታ አይደለም። ይህን የሚክድ የኢዲአይ ባለሙያ ካለ እሱ ደመወዙን ነው የሚከላከለው። የእኔንም ደመወዝ ጨምራችሁ አስቡት። ሆኖም አሥር ገዢ አሥር ዓይነት ኤፒአይ ሲያመጣ ወጪው ይጠፋል ማለት አይደለም። ወደ ፕሮግራመሩ ኪስ ይዞራል። አንዱ ሳይነግርህ የመስክ ስም ሲቀይር ደግሞ ቅዳሜ ማታ ትሠራለህ።

ኤክስኤምኤል ጊዜው አልፏል የሚለውን ሳነብ ግን መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። ጣሊያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ድርጅት ለድርጅት የሚቆርጠው ኢንቮይስ በኤክስኤምኤል ሆኖ በመንግሥት ሲስተም በኩል እንዲያልፍ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት የኢንቮይስ መመዘኛ ሁለት አጻጻፎችን ይቀበላል፣ ሁለቱም ኤክስኤምኤል ናቸው። ቤልጂየም ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በድርጅቶች መካከል ግዴታ አድርጋዋለች። አውሮፓ ውስጥ ድርጅት ያላችሁ ወገኖቻችን ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የሒሳብ ባለሙያችሁ ስለ ፔፖል (ድርጅቶች ኢንቮይስ ስለሚላላኩበት መረብ) ማውራት ከጀመረ የሚያወራው ስለ ኤክስኤምኤል ነው።

የባንኩም ነገር አለ። መርካቶ ያለ አስመጪ ለዱባዩ አቅራቢው «ስዊፍት ኮፒ» ሲልክ የኖረው ኤምቲ103 የተባለውን መልእክት ነበር። የክፍያው ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አራት መስመር፣ በየመስመሩ 35 ፊደል ብቻ። የኢንቮይስ ቁጥሩ ተቆርጦ፣ ስሙ ተጨማድዶ ይሄዳል። የባንኮች መልእክት መላላኪያ የሆነው ስዊፍት ከማርች 2023 ጀምሮ ድንበር ተሻጋሪ ክፍያዎችን አይኤስኦ 20022 ወደሚባለው ማዛወር ጀመረ። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሄዱበት ጊዜ ያበቃው ኖቬምበር 22 ቀን 2025 ነው። አዲሱ ምንድን ነው? ኤክስኤምኤል። መጣ ከተባለ እንግዲህ አሁን ነው በባንኮች ቤት የመጣው። አድራሻውንም መንገድ፣ የቤት ቁጥር፣ ከተማ፣ አገር እያለ ለያይቶ ይጠይቃል። የቤት ቁጥራችን «አዲስ» የሆነ ሰዎች ምን እንደምንሞላ እንግዲህ እናያለን።

ወደ ዝላዩ እንምጣ። የሞባይሉ ምሳሌ ልብ ይነካል፤ እዚህ ግን አይሠራም። ሞባይል ስንይዝ የመስመር ስልክ ያለውም ሰው ይደወልለት ነበር። መሃል ላይ የሚያስታርቅ ቴሌ አለ። በንግድ ሰነድ መሃል ላይ ቴሌ የለም። ሱፐርማርኬቱ 850 ካለ 850 ነው።

የአበባውን ጉዞ ተመልከቱ። ከቦሌ ወደ አውሮፓ በሚበር ጭነት ላይ የአየር ጭነት ሰነዱ፣ በ071 የሚጀምረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቁጥር ያለበት ማለቴ ነው፣ ሦስት ትውልድ ፎርማት ሊገጥመው ይችላል። ካርጎ ኢምፕ የቴሌክስ ዘመን ልጅ ነው። ካርጎ ኤክስኤምኤል ታናሹ ነው። ዋን ሪከርድ ደግሞ የጄሶን ዘር ነው፤ የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር አያታ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ተመራጩ መንገድ እንዲሆን የያዘው እሱን ነው። ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱ ያግዛቸው ነበር፤ አዲሱ እያሸነፈ ነውና። የጭነት አስተላላፊው ግን በአንድ ቀን ለአንዱ በአሮጌው፣ ለሌላው በአዲሱ ይልካል። አበባ የፎርማት ክርክር እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ይጠወልጋል።

ጄሶን የሚሻልበት ቦታ የለም እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የኦንላይን ሱቅ ከፍተህ ቴሌብርን ወይም ቻፓን ስታገናኝ ሌላ ነገር አታስብ። ዕቃው የት ደረሰ ብሎ በየደቂቃው ለሚጠይቅ ደንበኛም ኤፒአይ ነው መልሱ። ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች በ2019 ያቋቋሙት የዲጂታል ማኅበር የኮንቴይነር መከታተያውን በጄሶን ነው ያወጣው። ሁለታችሁም ዛሬ የምትጀምሩ ከሆነ፣ አንዳችሁም አሮጌ ሲስተም ከሌላችሁ፣ ኢዲአይ መትከል ገንዘብ ማቃጠል ነው። መለኪያውንና የዘመን አቆጣጠሩን ብቻ አትርሱ።

በርበሬ ሻጯስ? መጀመሪያ ላይ ትዕዛዝ በወር ሁለት ጊዜ ነበር የሚመጣው፤ በድረ ገጽ ፎርም ላይ በእጇ እየሞላች 856ቱን ትልክ ነበር። አንድ ለሊት አንድ አሃዝ ተሳስታ ሞላች፣ የዚያን ጭነት ትርፍ ቅጣቱ በላው። ከዚያ በኋላ ትንሽ አስተርጓሚ ፕሮግራም ሠራሁላት። ከሱፐርማርኬቱ 850 ይገባል፤ አስተርጓሚው ወደ ጄሶን ይገለብጠዋል፤ የእሷ ትንሽ የስቶር ሲስተም በጄሶን ነው የሚሠራው። ዕቃው ሲታሸግ ተመልሶ 856 ይሆናል። በቅርቡ ሁለተኛ ደንበኛ አገኘች፣ በኤፒአይ ብቻ የሚያዝዝ። ሌላ በር ከፈትንለት፤ ስቶሩ ውስጥ የተቀየረ ነገር የለም።

ባለፈው ማክሰኞ በማለዳ መጋዘኗ ሄጄ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። እሷ ስልኳን አየት አድርጋ «997ቱ ተመልሷል» አለች፤ ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞራ በእጇ ጣሪያውን ሁለቴ መታ መታ አደረገች። መኪናው ወጣ።